ስለ ቤት ግድግዳ ሥዕል

በላስታ ከአንድ ቤት ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ቢያነሣ፥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ያገኛል። አንደኛው የእመቤታችን ሥዕል፥ ሁለተኛው ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በማዕድ የተቀመጠበት ነው። ሁለቱም በማተሚያ መኪና የተባዙ ናቸው።

የማዕዱን ሥዕል ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በሚላኖ በአንድ ገዳም የመብል አዳራሽ ግድግዳ ላይ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1495 እስከ 1498 ገደማ ሠራው። በደረቅ ልስን ላይ ስለ ቀባውም፥ ገና በሕይወቱ ሳለ ቀለሙ ይላቀቅ ጀመር፤ ዓለምም ይልቁን የሚያውቀው በግልባጩ ነው። እኛ ያየነው የላስታው ግልባጭ የሐዋርያቱ ፊት አረንጓዴ የመሰለ፥ ዙሪያውም በላስቲክ አበባ የታጠረ ነው። ባለቤቱን ግን አንነቅፍም፤ የገዛው ገበያው የሰጠውን ነውና።

አንዳንድ መምህራን እንዲህ ያለው የፈረንጅ ሥዕል ከቤታችን ይውጣ ይላሉ። ምክንያታቸው የቤተ ክርስቲያን የሥዕል ሥርዓት ስለ ሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን አጠገቡ የተሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል ስንመረምር ነገሩ ይረቃል። «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የምንለው ሥዕል፥ በኋላ ዘመን እጅግ የተስፋፋው አኳኋኑ፥ በሮማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ጥንታዊ ሥዕል ግልባጭ የተቀዳ ነው። ኢየሱሳውያን ከ1569 በኋላ ግልባጩን በየአገሩ ሲያሠራጩ ወደ እኛም ደረሰ። ምስክሩ እጇ ነው፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፥ በግራዋም መሐረብ ይዛለች። ሠዓሊዎቻችን ግን በግልባጩ ብቻ አልረኩም፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት፥ ዓይኗንም አጎሉት። ከዚያ በኋላ እንግዳ ናት የሚላት ማን ነው?

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከላሊበላ በስተምሥራቅ ባለችው በገነተ ማርያም፥ ከ1270 እስከ 1285 የነገሠው የዐፄ ይኩኖ አምላክ መልክ በግድግዳው ተሥሎ ይገኛል። የቤተ ማርያም ሥዕሎችም ከዘመን ብዛት ደብዝዘዋል። የሚላኖው ግድግዳ ቢፈርስ ግልባጩ በየቤቱ አለ፤ የእነዚህ ግልባጭ ግን ከሊቃውንት መጻሕፍት ወጥቶ ከማን ቤት ተሰቀለ? ዩኔስኮ በ1961 የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች በቀለም አሳትሞ ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት እንጂ ከገበሬ ቤት አይገባም።

አንድ የዚያው አገር ተማሪ፥ ከማዕዱ ሥዕል ይሁዳ የትኛው እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ የያዘውን ከረጢት አይቶ ወዲያው አመለከተን። ስለ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ስንጠይቀው ግን ዝም አለ። ሥዕሉ የሚገኘው ከቤቱ የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ስፍራ ነበር።

የንጉሡ ሥዕል ማዕዱን በሚያህል ወረቀት ታትሞ በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ከጨውና ከበርበሬው አጠገብ ቢዘረጋ፥ ገዥ እንደማያጣ አንጠራጠርም። የሚያትሙት ሰዎች ግን ፊቱን አረንጓዴ የሚያደርጉት ከሆነ ይቅርብን።