ጦም ላደረ መሬት

በሚሲሲፒ ግዛት ሰንፍላወር በሚባል ካውንቲ በአንድ ዘመን ሁለት ስመ ጥር ሰዎች ይኖሩ ነበር። አንዱ በዶድስቪል ሰፊ የጥጥ እርሻ የነበረው ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ ነው። ሌላዋ ፋኒ ሉ ሄመር ናት፤ የሃያ ልጆች መጨረሻ፣ በስድስት ዓመቷ ጥጥ ለቀማ የጀመረች የጢሰኛ ልጅ። ሁለቱንም ያኖራቸው ጥጥ ነው። መንግሥት ለጥጥ ገበሬ የሚከፍለው ድጎማ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ነው። የጥጥ ዋጋ ወድቆ ስለነበር የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ምርቱን ቀንሶ ዋጋውን ለማንሳት ወሰነ። በዚያው በጋ 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል የበቀለ ጥጥ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ጦም ያሳደረ ገንዘብ ይቀበል ጀመር። ውሉን የሚፈርመው ባለመሬቱ፣ የገንዘቡም ትልቁ ድርሻ የባለመሬቱ ነው። ጦም ላደረ መሬት ደግሞ አራሽ አያስፈልግም።

ውሉን ያረቀቁት ይህን አልሳቱትም። ባለመሬቱ በተቻለው መጠን የተለመደውን የጢሰኞች ቁጥር እንዲጠብቅ ሰባተኛው አንቀጽ ያዝዛል። ታዲያ «ቁጥር» ምን ማለት ነው? አሥር ጢሰኞች ያሉት ሰው እነሱን አባርሮ ሌሎች አሥር ቢያስገባ ውሉን ጠብቋል? በአርካንሶ አንድ ባለእርሻ የጢሰኞች ማኅበር አባላትን በማባረሩ ጥያቄው ዋሽንግተን ደረሰ። በጀሮም ፍራንክ የሚመሩት የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ መቆየት ያለባቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው ብለው ተረጎሙት። በፌብሯሪ 1935 ፍራንክና በርካታ ባልደረቦቹ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ትርጓሜያቸውም ቀረ። ጢሰኛው በቁጥር ተጠበቀ፤ በስሙ ግን ማንም አልጠበቀውም።

ሄመር በአንድ እርሻ ላይ 18 ዓመት ሠርታለች፤ የሠራተኞቹን ሰዓት የምትመዘግበውም እሷ ነበረች። በኦገስት 1962 ለመራጭነት ልትመዘገብ ወደ ኢንዲያኖላ ሄደች። በዚያው ምሽት ባለእርሻው፣ ምዝገባውን ካልተወች መሬቱን እንድትለቅ ነገራት። ለቀቀች። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ሲወጡ፣ ሰንፍላወር ውስጥም ያው ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ይነሳ ነበር። በ1967 የኢስትላንድ እርሻ ከመንግሥት የተቀበለው ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሴናተሩ የሴኔቱ የግብርና ኮሚቴ አባልም ነበር።

በ1970 ኮንግረሱ ለአንድ ሰው በአንድ የሰብል ዓይነት የሚከፈለው ከ55 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ደነገገ። ያን ጊዜ ትልልቆቹ እርሻዎች በልጅ፣ በዘመድና በሸሪክ ስም ተከፋፈሉ። ጢሰኛን በስም መቁጠር ከባድ ነው የተባለበት መዝገብ ለባለመሬቱ ዘመዶች ስም ቦታ አላጣም።

ሄመር በ1969 በ40 ኤከር መሬት የፍሪደም ፋርም የኅብረት ሥራ እርሻን አቋቋመች። ለድሆች አትክልት ይመረትበታል፤ የመሬቱን ዕዳ ለመክፈል ደግሞ ጥጥ ይዘራበታል። እርሻው ከ600 ኤከር በላይ ቢደርስም በ1970ዎቹ አጋማሽ ዕዳና ግብር መሬቱን ወሰዱት። እሷም በ1977 አረፈች።

ዛሬም የአሜሪካ የሰብል ድጎማ በአብዛኛው የሚሰላው መሬቱ ቀድሞ በተዘራበት ልክ ነው። መሬቱ ባለቤት ቢለውጥም ታሪኩ አብሮት ይሄዳል፤ ያንን ታሪክ በእጇ የለቀመችው ሴት 18 ዓመት ግን በየትኛውም ስሌት አልገባም።