ሁለት ውሃ ያለው መኪና

የዲዝል ሞተር ነገር ለእኔ የወናፍ ነገር ነው። እናንተ እዚህ የተወለዳችሁት ወናፍ አላያችሁ ይሆናል። ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ነው፤ ሁለቱን በሁለት እጅ እያፈራረቁ ሲነፉት ከሰሉ ይቀጣጠላል። ወገራ ውስጥ አባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ነፊው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ቄሱ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ የኦሪቱን ግእዝ አንብቤ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወናፍ ነው። አየር ካልበዛ እሳቱ አይበረታም፣ እሳቱ ካልበረታ ብረቱ አይለዝብም። ብረት የያዝነው ርስት ተከልክለን ነው፤ በዚያው በብረቱ ደግሞ ቡዳ ተባልን። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ተርቦ የምትሉት እንግዲህ የሞተር ወናፍ ነው። የሚነፋው ሰው ሳይሆን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው። ታዲያ አየር ሲጨመቅ ይግላል። ብስክሌት ጎማ የነፋችሁ ታውቁታላችሁ፣ የመንፊያው ጫፍ እጅ ያሞቃል። የጋለ አየር ደግሞ ሳስቶ ቦታ ይይዛል እንጂ ሞተሩን አያጠግብም። ስለዚህ በተርቦውና በሞተሩ መካከል ማቀዝቀዣ ይገባል። ኢንተርኩለር የሚሉት እሱን ነው።

አሁን ልብ በሉ። እዚህ አገር መንገድ ላይ የሚበዙት ፒክአፖች፣ እነ ሃይሉክስ፣ እነ ዲማክስ፣ ኢንተርኩለራቸው የሚበርደው በነፋስ ነው፤ ውሃ አያልፍበትም። በነፋስ ለሚበርድ መኪና "ኢንተርኩለርህ ውሃ ያፈሳል" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ከአሜሪካ ከሚመጡት ትልልቅ ዲዝሎች አንዳንዶቹ ግን ሁለት ውሃ አላቸው። አንደኛው ሞተሩን ያበርዳል፤ ሙቀቱ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለተኛው የራሱ ራዲያተር፣ የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ ጠርሙስ አለው፤ ኢንተርኩለሩንና የማርሹን ዘይት ያበርዳል፤ ከፊተኛው በጣም የቀዘቀዘ ነው። ቀለማቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ግን አይገናኙም። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ሞተር በመክፈት ነው።

እኔ የመጣሁት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው፤ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሙሳክ ስገባ መጀመሪያ የሰጡኝ መጥረጊያ ነው። ዕብራይስጤ ደካማ ስለነበር እኔንም ደካማ አድርገው አዩኝ። እየጠረግኩ አዳምጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ መፍቻ ሰጡኝ፤ በመፍቻው ጡረታ ወጣሁ።

ከጡረታ በኋላ ነው እንግዲህ የጎረቤቴ ልጅ በምሽት የመጣው። አትክልተኛ ነው፤ ሁለት ሠራተኛ አለው፤ የመኪናው ብድር ገና አላለቀም። "ጋሼ፣ ሮሽ ማኖዓው ሄዷል፣ ሞተሩ ይከፈት አሉኝ" አለ። የሞተሩ ራስ ተበላሽቷል ማለታቸው ነው። የሂሳቡን ወረቀት አሳየኝ። መኪናውን ሸጦም የሚተርፈው አይመስልም።

"ምን አይተው ነው?" አልኩት።

"ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን የሚፈስ የለም። ጠዋት ነጭ ጭስ ያወጣል።"

"የጎደለው የትኛው ጠርሙስ ነው?"

ዝም አለ። ሁለት መሆናቸውን የነገረው የለም።

ወረድን። ሞተሩ በርዷል፤ በትኩሱ ክዳን የሚከፍት ፊቱን ይቀቀላል፣ ይህን አትርሱ። የሞተሩ ጠርሙስ ከነምልክቱ ሙሉ ነው። የኢንተርኩለሩ ግን ከታች ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። የሞተር ራስ ቢሆን ኖሮ የሚጎድለው የሞተሩ ውሃ ነበር፤ አረፋም የሚወጣው በዚያው ጠርሙስ ነበር። ቱቦዎቹን፣ መጋጠሚያዎቹን፣ የፊቱን ራዲያተር፣ የፓምፑን ሥር በባትሪ አየሁ። ውሃው ፈሶ ከደረቀ ባለ ቀለም ቅርፊት ይተዋል፤ የለም። የማርሹ ዘይት ተቀላቅሎ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ እሱም የለም።

"ጠዋት ስታስነሳው እንዴት ያደርገዋል?"

"እንደ ማነቅ ይለዋል፣ ከዚያ ይነሳል።"

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። "ቁልፉን አምጣ" አልኩት። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም። ሲሊንደር ውስጥ በዝቶ ካደረና ሞተሩ ከተነሳ የፒስተኑ ክንድ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ በእውነት ሞተር መክፈት ይመጣል። ልጁ ግን እየታነቀ ስንት ጠዋት አስነስቶታል።

በማግሥቱ ከኢንተርኩለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የአየር ቱቦ ፈታነው። ጥቂት ዘይት ቢታይ አያስደነግጥም፣ ሞተሩ ራሱ የሚተነፍሰው ነው። እኛ ያገኘነው ግን ውሃ ነበር፤ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። አሽትቱት እንጂ እንዳትቀምሱት፣ መርዝ ነው። ከዚያ በጠርሙሱ አፍ የእጅ ፓምፕ ገጥመን ወደ 1 ባር ነፋንበት። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። በቱቦው አፍ ባትሪ ሳበራ ኢንተርኩለሩ ውስጥ ጠብታ እንደ ላብ ይወጣል።

ልጁ የገረመው ሲነዳው ደህና መሆኑ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዳገት ላይ የተርቦው አየር ከውሃው ይበረታል፤ በስንጥቁ ወደ ውሃው የሚገባው አየሩ ነው። ሲቆም ደግሞ ተርቦው ዝም ይላል፤ የሞቀው ውሃ ግን እንደታመቀ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አየሩ መንገድ ይሰርጋል። "ወደ ኢየሩሳሌም ስትወጣ ትንሹ ክዳን አይተፋም ነበር?" ብለው "እንዴት አወቅህ ጋሼ?" አለኝ።

ሞተሩ አልተከፈተም። ኢንተርኩለሩን ቀየርን። ከማስነሳታችን በፊት የማሞቂያ ሻማዎቹን አውጥተን ሞተሩን በእጅ አዞርነው፤ ከአንዱ ሲሊንደር ጥቂት ውሃ ተፋ። የመኪናው መጽሐፍ የሚያዘውን ዓይነት ማቀዝቀዣ ከተጣራ ውሃ ጋር ሞላን፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። አየሩንም በደንብ አስወጣን፤ አየር ታፍኖ ከቀረ ፓምፑ ባዶውን ይዞራል፣ አዲሱም ኢንተርኩለር ይግላል። አሮጌውን ውሃ በጀሪካን ዘጋሁት፤ ድመትና ውሻ ይልሱታል፣ ይሞታሉ።

ጠርሙሱ ላይ በቀለም መስመር አሰመርኩለት፣ በየጠዋቱ እንዲያይ። ወሩን ሙሉ ከመስመሩ አልወረደም። ያን የሂሳብ ወረቀት ይዞ ሙሳኩ ድረስ ሄዶ ሊጣላ ፈልጎ ነበር። "መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ" አልኩት፤ የሦስት ቀን ሣር ሳይታጨድ ቆይቶበት ነበር።