ያልተተረጎመው

የእናቴ አባት የሞጣ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ከሞጣ በታች ዓባይ ላይ የተሠራው፣ የዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ሥራ ነው የሚባለው ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስቱ ከፈረሰ ወዲህ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። ኋላ የእግር ድልድይ እስኪሠራለት ድረስ መንገደኛው በገመድ ታስሮ እየተሳበ ነበር የሚሻገረው። አያቴ ገመድ ሳቢ ነበር። በጌምድርን ሳያይ ስንቱን በጌምድር አደረሰ! ልጅ ሳለሁ፣ «አባባ፣ ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ።

ይህን ያስታወሰኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው። የብቸና ልጅ ነው፤ ባዮሎጂ ያጠናል። አንድ ሌሊት ለፈተና ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰማሁት። ጂን ተገልብጦ መልእክት ይሆናል፤ ራይቦዞም የሚባለው ደግሞ መልእክቱን ከጫፉ ይዞ እየተራመደ ወደ ፕሮቲን ይተረጉመዋል። ከዋናው መነሻ በፊት ያለው ቁራጭ ግን የፕሮቲኑ አካል አይሆንም፤ «መሪ» ይሉታል።

«ካልተተረጎመ ትርፍ ነው በለኛ!» አልኩት፣ የቋንቋ ተማሪነቴ ተሰምቶኝ።

ሳቀብኝ። «እሱ እኮ ነው በረኛው! አንዳንዱ መሪ ውስጥ ትንሽ የሐሰት መነሻ አለች። ራይቦዞሙ እዚያ ይጀምርና ይቆማል፣ ወይም ይወርዳል፤ ዋናው ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ተክሉ ቫይታሚን ሲ ሲበዛበት ሥራውን የሚገታው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይና ተመራማሪዎች የሰላጣን ጂን ዋና ክፍል ሳይነኩ እቺን መነሻ ብቻ ቢያበላሹ፣ ቫይታሚን ሲው 150 በመቶ ያህል ጨመረ።»

«የእናንተ ጤፍስ?»

«ጤፍ ተክል አይደለም እንዴ? እሱም መሪ አለው።»

እሱ አንብቦ ተኛ፤ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ ለካ አያቴ መሳብ ብቻ አልነበረም ሥራው። ወንዙ ሲሞላ፣ ገመዱ ሲላላ፣ «ዛሬ አይሆንም፣ ተመለሱ» ይል ነበር። ሰው ይሰድበዋል፤ እሱ ግን ገመዱን አይሰጥም። በነጋታው ያው ተሳዳቢ በሕይወት ይሻገራል።

የሠራው ይህን ነው። ያን ቀን ዝም ያለው መልስ አጥቶ ሳይሆን፣ ጥያቄዬ አሳፍሮት ይመስለኛል። አሁን ይቅርታ ልለው ብል የለም። እናንተ አያት ያላችሁ ግን፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ፣ «ምን ሠራህ?» ሳይሆን «ማንን አሻገርህ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።