ጠራቡሉስን ማን ጣላት?



ስለ መስቀል ጦርነት ስናወራ ቶሎ የምንደርሰው ቁድስና ሰላሁዲን ላይ ነው። ዛሬ ግን የሻሟን ጠራቡሉስ እናስታውስ፤ በአሁኗ ሊባኖስ ባህር ዳር ያለችውን።

ከ1070 እ.ኤ.አ ገደማ ጀምሮ የበኑ ዐማር ቃዲዎች ራሷን አስችለው አስተዳደሯት። ጥሩ ወረቀት ይሠራባታል፤ «ዳሩል ዒልም» የተባለ ስመ ጥር የኪታብ ቤትም ነበራት። የፍራንኮቹ መሪ ሬይመንድ ከአጠገቧ ምሽግ ሠርቶ ከበባት። እሱ በ1105 ሞተ፤ እሷ ግን አልወደቀችም።

በ1108 ገዢዋ ፈኽሩል ሙልክ እርዳታ ፍለጋ ባግዳድ ድረስ ሄዱ። በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው፤ ከተማቸውን የሚያድን ጦር ግን አላገኙም። እሳቸው በሌሉበት ከቤተሰባቸው አንዱ አመፀ፣ ከተማዋም በግብፅ ፋጢሚዮች እጅ ገባች። የግብፅ መርከቦች ለእርዳታ ሲደርሱ ከተማዋ ወድቃ ነበር። ዓመቱ 1109 ነው። ኪታቦቹም አብረው ጠፉ።

ወንድሞችና እህቶች! እኛም የተቸገረ ሰው ደጃችን ሲመጣ አክብረን አስቀምጠን፣ አዝነን፣ ዱዓ አድርገን እንሸኘዋለን። ዱዓው ትልቅ ነገር ነው፤ ሰበቡንም አብረን እናድርስ። ባግዳድ ላይ ክብር አልጎደለም። የጎደለው በሰዓቱ የሚደርስ እጅ ነበር።

አላህ በጊዜው ከሚደርሱት ያድርገን። አሚን።