ኖራና መስተዋት

በስደት የሚማር ሰው ብዕር ሲያነሣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ታሪክና ስለ ነገዪቱ ኢትዮጵያ ይጽፋል፤ በየቀኑ እጁ ስለሚነካው ነገር ግን እምብዛም አይጽፍም። እኔ ዛሬ የመረጥሁት ርእስ የመታጠቢያ ቤት መስተዋት ነው። አንባቢ ፈገግ ቢል አልቀየምም። ሆኖም በዴንቨርና በአውሮራ ከማውቃቸው ተማሪዎች መካከል ራሱ የሆቴል ክፍል ያላጸዳ፣ ወይም እናቱ፣ እኅቱ ወይም አክስቱ እያጸዳች ያላስተማረችው ጥቂት ነው። ከአገር ቤት በስልክ ሲጠይቁን «ሥራ አለኝ» ብለን እናልፈዋለን። የሥራው ዝርዝር ባሕር አይሻገርም።

ማለዳ ከአውሮራ ተነሥተን፣ ሁለቱን ከተሞች ሰንጥቆ በሚያልፈው በኮልፋክስ ጎዳና በአውቶቡስ ወደ ዴንቨር መሐል እንወርዳለን። ለእያንዳንዱ ክፍል የተወሰነች ደቂቃ አለች። አልጋው ተነጥፎ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ ፎጣው ታጥፎ ሲያበቃ ተቆጣጣሪዋ መጥታ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ታበራለች፤ ከዚያም በመስተዋቱ በር ላይ ጎንበስ ብላ ከጎን ትመለከታለች። አንድ የደረቀ ጠብታ ካገኘች ክፍሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እንግዳው አንሶላው በስንት ድካም እንደተወጠረ ላያውቅ ይችላል፤ የመስተዋቱን ዥንጉርጉር ግን በመጀመሪያው እይታ ያገኘዋል።

ያ ነጭ ነጠብጣብ በእውነቱ ድንጋይ ነው። ጠብታው ሲደርቅ በውስጡ ሟሙተው የነበሩት ካልሲየምና ማግኒዥየም በመስተዋቱ ላይ ይቀራሉ፤ ይኸውም በአገራችን በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ኖራ መሳይ ቅርፊት ነው። የዴንቨር ውሃ አብዛኛው የሮኪ ተራሮች በረዶ ነበር። ከፊሉም ከተራሮቹ ምዕራብ፣ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ከተጠናቀቀው ከዲሎን ግድብ ተነሥቶ፣ ከ37 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው በሮበርትስ ዋሻ በተራራው ሥር አልፎ ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይገባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ከአለቱ ጥቂት ጥቂት ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ከተማዋ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗና አየሯ ደረቅ በመሆኑ፣ ሰው ጨርቁን ለማንሣት ፊቱን ሲያዞር ጠብታው ደርቆ ይጠብቀዋል። የእጅ ሳሙናም አለ፤ እርሱ ደግሞ ከካልሲየሙ ጋር ሲዋሐድ በውሃ የማይሟሟ ቅባታም ጭቃ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በኬሚስትሪ ክፍል ተምሬ ነበር። መስተዋቱን ማጽዳት ያስተማሩኝ ግን የደሴዋ እትዬ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም፣ አይወዱምና። ጉልበቴን ሁሉ ይዤ ስፈትግ አይተው፣ «ልጄ፣ አትታገለው! ሎሚ የለም እንዴ በዚህ አገር?» አሉኝ። እርሳቸው ስለ አሲድ አንድም መጽሐፍ አላነበቡም፤ ይሁን እንጂ ጎምዛዛ ነገር ኖራን እንደሚፈታ ከእናታቸው ማድ ቤት ይዘው መጥተዋል። ሎሚው እዚህ ነጭ ኮምጣጤ ሆነ፤ ከለብታ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ተደባልቆ። በመጀመሪያ ቅባቱ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና መነሣት አለበት፤ አለዚያ ኮምጣጤው እስከ ኖራው አይደርስም። ከዚያም ቁልቁል እንዳይፈስስ በኮምጣጤ የተነከረ ጨርቅ በመስተዋቱ ላይ ይለጠፍና ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ እኛም በዚያች ጊዜ አልጋ እናነጥፋለን። በመጨረሻ በለስላሳ ስፖንጅ ታሽቶ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። እብነ በረድ ባለበት ክፍል ግን እትዬ ኮምጣጤውን ከጋሪው አያወርዱም። እብነ በረድ ራሱ የዚያ ኖራ ወንድም ነውና፣ አሲዱ አንዱን ከሌላው አይለይም። ለዓመታት ተዘንግቶ ገጹ የተበላ መስተዋት ደግሞ በምንም አይመለስም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚወቅሰንን ሰው በትዕግሥት ማስረዳት እንጂ መፈተግ ትርፉ ድካም ነው።

ቀሪው ሥራ የጎማ መጥረጊያው ነው። ከላይ ጀምሮ በአንድ እስትንፋስ ወደ ታች መሳብ፣ ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ ጎማውን መጥረግ፣ ቀጥሎም ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ መያዝ ነው። ይህን መሣሪያ በነሐስ አቅልሎ የሠራው ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ ጣልያናዊ ስደተኛ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ኩባንያውን ያቆመው በ1936 (እ.ኤ.አ.) ነበር። የእርሱ አገር ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው መጥረጊያውን ገልበጥ አድርገው አዩትና «ዕቃው ምን አደረገ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከሁሉ በላይ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እኅታችን መስተዋቱ አልነጣ ቢላት በኮምጣጤው ላይ በረኪና ረጨችበት። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ የመታጠቢያ ቤቱም ጠባብ ነው። እያሳለች ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ዓይኗ አያይም ነበር። በሁለተኛው ቀን ሥራ አልገባችም፤ ያልሠራችበትም አልተከፈላትም። በጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ። ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ በሁለት ቋንቋ የምናነብ ተማሪዎች አልጋ እያነጠፍን ነበርን። አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሕዝብ መማር የምናወራውን ያህል አንድ የጠርሙስ ወረቀት ተርጉመን እናውቃለን?

ከመስተዋቱ የምንጠርገው ውሃ የት እንደሚሄድም እትዬ ጠይቀውኛል። ከተጣራ በኋላ ወደ ሳውዝ ፕላት ይወርዳል። አውሮራ ደግሞ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው ፕሬሪ ዋተርስ በተባለው ሥራ፣ ከዴንቨር በታች ከወንዙ ዳር ጉድጓዶች ውሃ እየሳበች 55 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ መልሳ ትወስዳለች። በማጣሪያውም ውስጥ ካልሲየሙን የሚቀንስ ክፍል አለበት። እንግዲህ ቀን በዴንቨር የጠረግነው ውሃ ከፊሉ ዞሮ የቡናችን ውሃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እትዬ በዚህ ብዙ ሳቁ፤ ቡናቸውን ግን አልተዉም።

አሁን በጋሪዎቻችን ላይ ባሉት ጠርሙሶች «በረኪና፤ ከኮምጣጤም ከአሞንያም ጋር አይደባለቅ» የሚል የአማርኛ ወረቀት ለጥፈናል። የኦሮምኛውን አንዲት የአምቦ ልጅ ጽፋዋለች። የትግርኛውን በሦስተኛው ፎቅ የሚሠራው ወንድማችን ዓርብ አመጣዋለሁ ብሏል።