የእህቴ ልጅ ፍሬን አላበዛም

የእህቴ ልጅ ከሞተር ሳይክሉ የወደቀው በእኔ ጥፋት ነው። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚያውቀው ግን ፍሬን አብዝቶ እንደወደቀ ነው። እንዲህ ብለው እንዲያምኑ ያደረግኳቸውም እኔ ነኝ።

ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የሰሚት ፖይንት ትራክ ነው። ሁለት ማይል ያህል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት፤ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሞተረኞችም ቅርብ ነው። ውድድር ሳይሆን፣ ሰው ከፍሎ በችሎታው እየተመደበ ሞተሩን ያለ ስጋት የሚነዳባቸው ቀናት አሉ። ልጁን የወሰድኩት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። አውራ ጎዳና ላይ ከሚፈጥን እዚያ ይፍጠን ብዬ እናቱን ያግባባኋት እኔ ነበርኩ። እህቴ ብዙ አልተከራከረችኝም፤ «አደራ» ብቻ ነው ያለችኝ።

በመኪና ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ስለ ጎማ ንፋስ አወራሁለት። የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪው ማቬሪክ ቪኛሌስ በ2025 ኳታር ላይ በተካሄደው ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ከገባ በኋላ የፊት ጎማው ግፊት ከተፈቀደው በታች ነበር ተብሎ 16 ሰከንድ ተጨምሮበት 14ኛ እንደተባለ ነገርኩት። በዚያው ዓመት ታይላንድ ላይ ሌላው ተወዳዳሪ ማርክ ማርኬዝ ሆን ብሎ ወንድሙን አሌክስን እንዳሳለፈው፣ ከኋላው ሆኖ ጎማውን አሙቆ ግፊቱን ከፍ ካደረገ በኋላ መልሶ ቀድሞ እንዳሸነፈም ተረክሁለት። ግፊት ከሙቀት ተለይቶ ምንም ማለት አይደለም አልኩት። ልጁ ጸጥ ብሎ ይሰማኝ ነበር። «ጋሼ ያውቃል» ሲል መስማት እወድ ነበር፤ ይህም የጥፋቴ አካል ነው።

ጠዋት ሁሉን በደንብ ሠራን። የእሱ ሞተር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ፊት 36፣ ኋላ 42 ፒ.ኤስ.አይ ይላል። ይህ ሰውና ዕቃ ጭኖ በመንገድ ለሚሄድ ነው። ትራክ ላይ ጎማ በፍሬንና በኩርባ ይግላል፤ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል፤ ከልክ በላይ ሲወጠር ደግሞ አስፋልቱን የሚነካው ገጹ ይጠብባል። ስለዚህ ገና ሳይነዳ፣ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቀነስ አድርጎ መጀመር ነው። ለነበረን የመንገድ ጎማ ፊትም ኋላም 30 አደረግን። የጥቅምት ጠዋት ነበር፤ ብርዱ እጅ ይቆረጥማል። ልጁ ጠዋቱን በጥሩ ሁኔታ ነዳ፤ ከዙር ወደ ዙር ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ እየለመደ መጣ።

ከምሳ በፊት ሲገባ ጎማው ትኩስ እንደሆነ ለካሁት። የፊቱ 37 አለ። በዛ ብዬ የቫልቩን መርፌ ተጭኜ ወደ 30 አወረድኩት። የኋላውንም እንዲሁ። ከዚያ ምሳ ልንበላ ሄድን።

ጠዋት 30 ያልነው ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። 37 የሆነው ደግሞ ያው አየር ስለጋለ እንጂ ማንም ስለጨመረበት አይደለም። እኔ ያደረግኩት፣ ወተት ሲገነፍል አይቶ ከድስቱ እየቀዳ እንደሚያፈስ ሰው ነው፤ እሳቱ ሲበርድ ወተቱ ጎድሎ ይገኛል። ሒሳቡም ከባድ አይደለም፤ በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማርነው ነው። 55 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ 30 የነበረ ጎማ፣ ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ 25 አካባቢ ይሆናል። ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ከሌሎቹ ጋር ስንጫወት ጎማው ቀዝቅዞ ነበር። ልጁ ሊወጣ ሲል እንደገና መለካት ነበረብኝ። መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልለካሁም።

በሁለተኛው ዙር በረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደቀ። ፍሬን የያዘው ጠዋት በለመደው ቦታ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ መሪው ከበደው፣ የፊቱ ጎማ ረገብ አለበት፣ ከዚያ ከሥሩ ሸሸ። ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። ጎማው ገና አለመሞቁ ለብቻውም ሊያንሸራትት ይችላል፤ ይህን አውቃለሁ። ለረጅም ጊዜም የተደበቅሁት በዚህ ሰበብ ጀርባ ነበር። ግን ልጁን ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን የጎደለ ጎማም ሰጥቼ ነው ያስወጣሁት።

ሞተሩ ተጭኖ ሲመለስ ብቻዬን ሆኜ የፊቱን ለካሁ። 26። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ፓምፑን አንስቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ወደ 30 መለስኩት።

ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። አየሩን ያወረድኩት ባለማስተዋል ነው፤ የመለስኩት ግን እያወቅሁ ነው። የትራኩ አሠልጣኝ መጥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ልጁ «ፍሬን አብዝቼ መሰለኝ» አለ። እኔም «አዎ» አልኩ። እህቴ ሆስፒታል ስትደርስም ያንኑ ነገርኳት።

አጥንቱ ተጠገነ። ልጁ ግን ሞተሩን ሸጠ። እጁን እንደማያምን ይናገር ጀመር። መኪና ሲነዳ እንኳ ከፊቱ ካለው መኪና በጣም ርቆ ነው የሚሄደው፤ ፍሬን ሲረግጥ ትከሻው ሲጠብቅ አያለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው ከወደቀበት ቀን ብቻ አይደለም፤ እኔ «አዎ» ካልኩት ቃል ጭምር ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ብናገር፣ ለእሳቸው የነገርኩትን መጀመሪያ ለልጁ እንድነግረው አዘዙኝ።

ነገርኩት። ከምሳ በፊት ያወረድኩትን ዝም ብሎ ሰማኝ። «ማንም ይረሳል» አለኝ። ከዚያ ስለ ፓምፑ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ መልሰህ የሞላኸው ለምንድነው?» አለኝ። በአዋቂነቴ እንዳልነቀፍ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ይህንኑ ነገርኩት። እስካሁን ይቅር አላለኝም፤ እኔም አላጣደፍኩትም።

ለሌላ ሰው ጎማ የምትለኩ ሁሉ፣ ቁጥር ስትሰጡ የቀዝቃዛ ወይም የትኩስ መሆኑን አብራችሁ ተናገሩ፤ ሞተሩ ቆሞ ከቆየም ሳትለኩ አታስወጡ። በዚያ ቀን አብራችሁን የነበራችሁ፣ ከዚያም በኋላ በየማዕዱ የእኔን ወሬ የሰማችሁ ደግሞ፣ ልጁን ስታገኙት ስለ ፍሬን አትምከሩት። ፍሬኑን በትክክል ይዞ ነበር።