ጓጉንቸርና የሸራ ቤት



ባለፈው ሰሞን ከገበያ አንዲት ጓጉንቸር በ250 ሽልንግ ገዝተን ስንመለስ የሳቃችሁብንን ሳቅ አልረሳነውም። «መምህራን፤ ግድግዳው ሸራ፣ ጣሪያው ሸራ፣ ሌባው በምላጭ ቀዶ ለሚገባበት ቤት ቁልፍ ምን ያደርግላችኋል?» ነበር ያላችሁን። ነገሩ እውነት ስለሆነ ዝም አልን። ይሁንና መልስ ስላለን በዚህች ገጽ እንጽፈዋለን።

የራሳችን የምንለውን ቤት ፍለጋ የጀመርነው በ2004 ዓ.ም. ከኮተቤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ስንመረቅ ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነበርን። ደላላው ወደ ካራ ወሰደንና ከአንድ ግቢ ጓሮ የጭቃ ሰርቪስ ቤት አሳየን፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ወለሉ ሊሾ። ኪራዩ በወር 750 ብር ሆኖ የሦስት ወር ቅድሚያ ይከፈላል ተባለ፤ የደላላው ድርሻ ሳይቆጠር ማለት ነው። የመጀመሪያ ደመወዛችን ገና አልወጣም። የአንዳችን እናት እቁብ ደርሷቸው ነበርና ገንዘቡን አበደሩን፤ ዕዳውን ከፍለን የጨረስነው በስምንት ወር ነው።

ቤቱ ግን የእኛ አልነበረም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል፤ እንግዳ አያድርም፤ ልብስ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይታጠባል። የተማሪ ደብተር በሻማ አርመናል። ከሁሉ የከበደን የውጭው በር ቁልፍ ነበር፤ አንድ ብቻ ሆኖ ከአከራያችን ወገብ አይለይም። ከማታ ትምህርት አምሽተን ስንመጣ ሴትዮዋ እስኪነቁ በር ላይ ቆመን ዝናብ ይመታናል። ተቆጥተው ይከፍታሉ፤ እኛም ይቅርታ እንጠይቃለን። ለገዛ ቤታችን ይቅርታ! ኪራዩም በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጨመረ፤ ጭማሪው በቃል ነበር የሚነገረን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቶ ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ የኪራዩም ጭማሪ በመንግሥት ይወሰን የተባለው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እኛ ድንበር በተሻገርንበት ዓመት!

ከአጥሩ ማዶ አንዲት እማማ ነበሩ፤ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። የወር ኪራያቸው አሥር ብር አይሞላም፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ያለው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ያስገኘላቸው ቤት ነው። «እናንተ ዘግይታችሁ ተወለዳችሁ» ይሉን ነበር። ለእኛ ዘመን የቀበሌው በር ተዘግቶ ነበርና የቀረን ኮንዶሚኒየም ነው።

በሰኔ 2005 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከሦስታችን የአዲስ አበባ መታወቂያ ያለው አንዱ ብቻ ስለነበር በእርሱ ስም ተመዘገብን። በ20/80 ባለ አንድ መኝታ ቤት የወር ቁጠባው 274 ብር ነበር። ለሦስት ሲካፈል 91 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳል፤ አንዲት ሳንቲም ትተርፋለች። ይህችን ሳንቲም ማን ይክፈላት ብለን ስንት ማታ ተሟግተናል፤ በመጨረሻም ተራ ገባን። የሂሳብ መምህር ቤት ውስጥ ሲኖር እንዲህ ነው። ስምምነታችን ዕጣው ሲወጣ ሦስታችንም እንድንገባበት፣ ያገባ እንዲወጣ ነበር።

አሥር ዓመት ሳናጎድል ቆጠብን፤ 32,880 ብር። በየካቲት 2011 ዓ.ም. 13ኛው ዙር ሲወጣ ስማችን የለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ፤ አሁንም የለንበትም። ስንጀምር የነበረው የቤት ዋጋም እኛን ቆሞ አልጠበቀንም።

የመጣንበትን ምክንያት ሁላችሁም የየራሳችሁን ስለምታውቁ እናልፈዋለን። ሁለታችን መጣን፤ ሦስተኛው ቀረ። የቁጠባ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ከእኛ ጋር ነው፤ ባለስሙም እዚሁ ነው። ወርሃዊውን 274 ብር ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሚያስገባው የቀረው ወንድማችን ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ ዛሬም ተከራይ ነው። ባለፈው ወር በስልክ ጻፈልን፤ «ወይ ውክልና ላኩልኝ፣ ወይ ይብቃ በሉኝ» ይላል።

ውክልናው እንዳይላክ ናይሮቢ ወርዶ በኤምባሲ መፈረም ያስፈልጋል። ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አለ፤ እርሱስ ይገኝ ይሆናል። ከሸሹት ደጅ ተመልሶ «ቤት አለኝና ፈርሙልኝ» ማለት ግን ስደተኛ ነኝ ያለ ሰው የሚያደርገው ነው? ባለስሙ «እሄዳለሁ» አለ፤ ሌላው «ብትሄድ አብረን አንኖርም» አለ። ሁለት ቀን በአንድ ሸራ ሥር ሳንነጋገር ሰነበትን፤ ሻዩን እንኳ ለየብቻ አፈላን።

በሦስተኛው ቀን አብረን ጻፍንለት፤ ውክልና አንልክም፣ በደብተሩ ያለው እንዳለ ይቀመጥ፣ አንተ ግን 274 ብሩን ለልጆችህ አውለው አልነው። ይህን ስንጽፍ የእጃችን መንቀጥቀጥ ለእናንተ ማፈሪያ ከሆነ ይቅር በሉን። የአሥራ ሦስት ዓመት ነገር ነው።

ያን ዕለት ነው ከገበያ ጓጉንቸሯን የገዛናት። የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፈን በሠራነው በር ላይ ዘለበት መታን። ስንመጣም ስንሄድም፣ ስናመሽም፣ ራሳችን እንከፍታለን፤ የምንቀሰቅሰው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ቤት ስናገኝ የመጀመሪያችን ነው።

መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ «የዚህን ወር አስገብቻለሁ። ሳንቲሟ የእኔ ተራ ናት» ይላል።

ጓጉንቸሯ ሦስት ቁልፍ አላት። ሁለቱን እኛ ይዘናል። ሦስተኛዋ ከደብተሩ ጋር በፌስታል ተጠቅልላ ከፍራሹ ሥር ተቀምጣለች።